በጓደኛው አፍ

ጥርስ ሠሪውንና የሊፍት ጠጋኙን ያወዳጀቻቸው አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ናት።

አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ቢሮውን ሲያድስ ያረጀ ዕቃውን ግቢው ውስጥ ዘርግቶ ይሸጥ ነበር። እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች፣ ገመዳቸው የተጠላለፈ ስልኮች፣ ቀለማቸው የደረቀ ማተሚያዎች እዚህም እዚያም ተከምረዋል። ከአንድ ካርቶን ሥር ግራጫ፣ ቀጭን፣ አንድ መጽሐፍ የምታክል ነገር ብቅ ብላ ስትታይ ጥርስ ሠሪው ጎንበስ ብሎ በአንድ ጫፏ ያዛት። ቀና ሳይል ሌላ እጅ በሌላው ጫፏ ያዛት። ጥፍሩ ሥር ግራሶ የገባበት፣ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ የተቆረጠ ሰፊ እጅ ነበር።

"ወንድሜ፣ ቀድሜ ያየኋት እኔ ነኝ" አለ ጥርስ ሠሪው።

"ማየትማ ማንም ያያል" አለ ባለ ግራሶው። "ለመሆኑ ማን መሆኗን ታውቃለህ?" ብሎ ጀመረ። መቼ እንደተሠራች፣ ለምን ጥቂት ብቻ ተሠርተው እንደቀሩ፣ የዓለም አሮጌ ኮምፒውተር ወዳጅ ሁሉ እንዴት እንደሚያድናት ትንፋሽ ሳይወስድ አወረደው። ጥርስ ሠሪው መከራከሩን ረስቶ ማዳመጥ ያዘ። ሲጨርስ፣ ማለትም ጉሮሮው ደርቆ ለአፍታ ሲያቆም፣ ሁለቱም ጫፍና ጫፍ እንደያዟት ነበር። በጋራ ገዟት። ሳምንት ሳምንት እየተፈራረቁ ሊይዟት ተስማሙ፤ ስሟንም "ጫጩቷ" አሏት።

ጥርስ ሠሪው ብቸኛ ሰው ነው። ሚስት አላገባም፤ ቀኑን ሙሉ ከጂፕሰም መንጋጋና ከሰም ጥርስ ጋር አፍጥጦ ይውላል። ከሥራ ክፍሉ በስተጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት የአሮጌ ኮምፒውተር ወዳጆች ይሰበሰቡ ነበር። ጡረታ የወጣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አለ፤ ዕቃ ሲነካ ነጭ ጓንት ስለሚያጠልቅ "ሙዚየም" ይሉታል። ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎችም አሉ። የሊፍት ጠጋኙ ከመጣ በኋላ ግን ክፍሏ የእሱ ሆነች። እሱንም "ሬዲዮ" አሉት። ሥራ ቦታውም የሚጠሩት እንደዚያው ነበር፤ በሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ስለ ሚስቱ ቁጣ ለረዳቱ ሲያወራ ድምፁ ወደ ላይ እየወጣ በየፎቁ ያሉ ጸሐፊዎች ሥራ አቁመው ይስቁ ነበር ይባላል።

ስለ ጫጩቷ ሲጀምርማ ማን ያስቆመዋል።

"እስቲ አንሷት" ይላል። "ከአንድ ጥንድ ጫማ ትቀላለች። ኮት ኪስ ውስጥ ትገባለች። ድንጋይ ሲያልቅባት ከሱቅ ሁለት የባትሪ ድንጋይ ገዝተህ ታጎርሳታለህ፣ አለቀ። በካቻቢቴ ብትፈታት ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ በዓይንህ ታየዋለህ። የዘንድሮ ዕቃ ገና ሳትከፍተው ልመና ይጀምራል፤ አድሰኝ፣ ፍቀድልኝ፣ ተመዝገብ ይልሃል። እሷ ስትከፍታት 'እሺ፣ ምን ልታዘዝ?' ብላ ዝም ነው። እንደ እሷ ያለ ሰው አግኝታችሁ ታውቃላችሁ?"

"አንተ ዝም ስላልክ ነው የማናገኘው" ይለዋል ሙዚየም፤ ይሳሳቃሉ።

እውነትም ትንሽ መሆኗ ልብ ይሰርቃል። ስክሪኗ መብራት የለውም፤ ፊደሉን ለማየት ወደ መስኮት ዞር ማድረግ ያስፈልጋል። ቁልፎቿ ግን እያንዳንዳቸው ሲጫኗቸው ቀጭ እያሉ ከጣት ሥር ይመለሳሉ። ሬዲዮ ጫፉ በተቆረጠ ጣቱ ሳይቀር ሳያይ ይጽፍባት ነበር።

እንዲህ እንዳሉ የሬዲዮ ድምፅ መሻከር ጀመረ። "ሞገድ ስቼ ነው" እያለ ቀለደበት። ሚስቱ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ብትወተውተው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ሲወርድ ነው የሄደው። በሽታው ማንቁርቱ ላይ ነበር፤ ከሥሩ ካልወጣ አይድንም ተባለ። ኦፕራሲዮን ከመግባቱ በፊት ያለችውን ትንፋሽ አጠራቅሞ ለጥርስ ሠሪው፣ "እንግዲህ ተራው የናንተ ነው፤ አውሩ" አለው።

ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲገባ የቅዳሜዎቹ ሰዎች ሊጠይቁት ሄዱ። አንገቱ ላይ በተከፈተችው ቀዳዳ በኩል የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ሁሉም የሚለው ጠፍቶት ሻይ ብርጭቆውን ያያል። ለካ እነሱ ጨዋታ አያውቁም፤ ለካ ያን ሁሉ ዘመን የሳቁት በእሱ ነው። አንድ በአንድ "እግዜር ይማርህ" እያሉ ወጡ። ጥርስ ሠሪው ግን ኮቱን ከፈተና ጫጩቷን አውጥቶ የሬዲዮ ጭን ላይ አስቀመጠለት።

ሬዲዮ አያት፣ አያትና ቀጭ ቀጭ አደረገ። ስክሪኑን ወደ ጓደኛው አዞረለት።

"ሳምንቱ ያንተ ነው" ይላል።

"ሳምንት የሚባል ነገር ቀርቷል" አለ ጥርስ ሠሪው። "ካሁን ወዲያ ያንተ ናት።"

"ምን አለ?" አለች የሬዲዮ ሚስት ከበሩ ሥር ሆና።

ሚስትየዋ መጋረጃ ሰፊ ናት። የዓይኗ ብርሃን ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ መጥቶ የሰው መልክ እንደ ጥላ ነው የሚታያት፤ ጽሑፍ ማየት ካቆመች ቆይቷል። መርፌውን አሁንም በጣቷ እየዳበሰች ታስኬዳለች፤ በዚያች ግራጫ ስክሪን ላይ የሚጻፈው ግን ለእሷ ባዶ ነበር። ባልየው ይጽፋል፣ ሚስትየዋ አታየውም። ባልየው አይናገርም፣ ሚስትየዋ የምትኖረው በጆሮዋ ነው። ቀን ቀን መዳፏን እየነካካ፣ ጠረጴዛ እያንኳኳ ስለ ውሃና ስለ መድኃኒት ይግባባሉ። ከዚያ ያለፈው ነገር ሁሉ ማታ ማታ ጥርስ ሠሪው ከሥራ እስኪመጣ ይቆያል። እሱ ያነብላታል።

መጀመሪያ ሰሞን እንደ ማስታወቂያ ነበር የሚያነበው። ሬዲዮ ይህን አልወደደም። ጠፍጣፋ አድርጎ ሲያነብበት ጠረጴዛውን በመዳፉ ይመታል፤ እንደገና በል ማለቱ ነው። ቀልዱ መጨረሻ ላይ ድምፁ ከፍ እንዲል፣ "አለቃ" ብሎ ሚስቱን ሲጠራ ትንሽ ጎተት እንዲደረግ ይፈልጋል። ባልየው ዕድሜውን ሙሉ ሚስቱን "አለቃ" ነበር የሚላት። ጥርስ ሠሪው ቀስ በቀስ የት መቆም፣ የት መሮጥ እንዳለበት ለመደ።

"አለቃ፣ ሾርባው ውሃ ውሃ ይላል። ጨው ሚስቱን ጥሎ ጠፍቷል እንዴ?" ብሎ ያነባል።

"ጨው የከለከለህ ሐኪሙ ነው!" ትላለች ድምፁ ወደ መጣበት ዞራ፣ ማለትም ወደ ጥርስ ሠሪው። "አንተ ደግሞ መቼ ነው ያበሰልኩልህን ያመሰገንከው? ከተጋባን ጀምሮ እንዲሁ ነህ!"

"እህት ዓለም፣ እኔ እኮ እንግዳ ነኝ" ይላል ጥርስ ሠሪው ግራ ገብቶት። ሬዲዮ ያለ ድምፅ ትከሻው እስኪናወጥ ይስቃል። እሷም ይገባትና አፏን በመዳፏ ይዛ ትስቃለች። አግብቶ የማያውቅ ሰው በስተርጅናው የባልና ሚስት ጠብ እንዲህ ተማረ።

ጠብ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አንድ ቀን ሬዲዮ ረዘም አድርጎ ጽፎ አዞረለት። ጥርስ ሠሪው አየውና ጆሮው ቀላ።

"ምን አለ?" አለች።

"አለቃ" ብሎ ጀመረ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጠዋት ፀጉርሽን ስታበጥሪ አየሁሽ። እያየሁሽ መሆኔን አላወቅሽም። ሳገባሽ ከነበርሽው ዛሬ ታምሪያለሽ ብዬሽ አላውቅም፤ ድምፅ እያለኝ ስለ ሊፍት ሳወራ ጊዜው አለፈ።"

ሚስትየዋ መቀሷን አስቀመጠች። ጥርስ ሠሪው ወዴት እንደሚያይ ጠፍቶት የጫጩቷን ቁልፎች ይቆጥር ይመስል አቀረቀረ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ ለማንም ብሎ አያውቅም። ሲወጣ በመንገድ ላይ ለራሱ ቀስ ብሎ ደገመው። ሲደግመው ደግሞ ሆድ ባሰው።

ልጃቸው በሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። ስትመጣ ለአባቷ አዲስ ስልክ ይዛ መጣች፤ የተጻፈበትን በራሱ ጮክ ብሎ የሚያነብ። የአባትየው ጣቶች ግን ግራሶና ሽቦ ሲበላቸው ኖረው የደደሩ ናቸው፤ የስልኩ መስታወት አላውቃቸው አለ። እሷ ራሷ "እንደምን ዋልሽ" ብላ ጽፋ አስነበበችው። ስልኩ እንደ ዜና አንባቢ ባለ የወንድ ድምፅ "እንደምን ዋልሽ" አለ።

እናትየው ደነገጠች። "ይሄ ሰውዬ ማነው? አስወጪልኝ ከቤቴ!"

"እማ፣ ማሽን እኮ ነው። ጋሼ በየቀኑ ከሥራ ደክመው ከሚመጡ..."

"ወንድም ዓለም ይሻለኛል" አለች እናትየው፤ ጥርስ ሠሪውን የምትጠራው እንዲህ ነበር። "እሱ ቢያንስ ሲያፍር ይሰማኛል።"

ጫጩቷ ግን ለዕለት ተዕለት ሥራ የተሠራች አልነበረችም። በየቀኑ ስትከፈትና ስትዘጋ አንደኛው ማጠፊያዋ ቀጭ ብሎ ተሰብሮ ስክሪኗ ወደ ጎን ተንጋደደ። መለዋወጫ የለም፤ ካለም ሙዚየም ዘንድ ካለችው ከማትሠራዋ እህቷ ነው። ሙዚየም ደግሞ ያቺን አላስነካም አለ። ጥርስ ሠሪው ወስዶ በሚያውቀው ሞያ ያዛት። ለሰው ሠራሽ ድድ የሚጠቀምበትን ሮዝ ዱቄት በፈሳሹ ለውሶ፣ በሰም ቅርጽ አውጥቶ፣ ቀቅሎ አጠነከረና አዲስ ማጠፊያ አደረገላት። በመሀሉ የብረት ዘንግ አሳለፈ። ከድሮዋ ጠነከረች። ግራጫዋ ላፕቶፕ ጥግ ላይ ሮዝ ነገር ብቅ ብሎ ይታያል።

ሚስትየዋ በጣቷ ዳበሰችው። "ይሄ ምንድነው?"

"ድድ ነው፣ እህት ዓለም።"

"ወይ ጉድ! ጫጩት ድድ ስታበቅል አየሁ" አለች። ሬዲዮ ወዲያው ጻፈ፤ ጥርስ ሠሪው አነበበ፦ "ጥርስ እስክታወጣ ጠብቂ፣ አለቃ። ያኔ ጨው የሌለውን ሾርባ አብራኝ ታኝካለች።"

ሙዚየም ሲያያት ግን ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። "ምን አደረጋችኋት? እንደ ተወለደች የነበረች ዕቃ! በዚህ ሀገር ሁለት ቢኖሩ ነው። በላብ፣ በሾርባ፣ ደግሞ በዚህ..." ሮዙን እያሳየ ቃል አጣለት። "ይህች መቀመጥ ያለባት መስታወት ውስጥ ነው።"

ጥርስ ሠሪው ቁጡ ሰው አይደለም። "መስታወት ውስጥ ከገባች ሬዲዮ በምን ይናገራል?" አለው ብቻ። ሙዚየም ጓንቱን አንስቶ ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቅዳሜ ላይ የማትሠራዋን እህቷን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ መጣና "ብሎን ካስፈለገህ ከዚች ፍታ" ብሎ ሰጠው።

በሽታው በዝናቡ ወራት ተመለሰ። ሐኪሞቹ ዙሪያውን ይናገሩ ጀመር፤ ዙሪያውን ሲናገሩ ሰው ይገባዋል። ሬዲዮ ከአልጋ መውረድ አቆመ። ቀልዱም ከአልጋው ሥር ወድቆ እንደቀረ ዕቃ ጠፋ። ሕመሙ ሲበረታበት ይነጫነጫል፤ መነጫነጩም በጽሑፍ ስለሆነ ለማንበብ ይከብዳል። ሰው ተቆጥቶ የሚናገረው ከአፉ እንደወጣ በአየር ይበተናል። የእሱ ግን ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ አንባቢ ይጠብቃል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጥርስ ሠሪው ሲገባ ሚስትየዋ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ድምፅ አውጥታ አይደለም፤ ግን አፍንጫዋን በጨርቅ ስትጠርግ ይሰማል። ሬዲዮ ጫጩቷን ስቦ በኃይል ጻፈ። ቁልፎቹ እንደ ጠጠር ተንኮሻኮሹ። አዞረለት።

"ውጪልኝ። ልቅሶሽ ሰለቸኝ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ይሄኔ ሞቼ ባረፍኩ።"

"ምን አለ?" አለች።

ጥርስ ሠሪው ስክሪኑን ደግሞ አየው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይህን ቃል በገዛ አፉ አውጥቶ ለዚህች ሴት እንዴት ይንገራት? "ውዴ፣ ደክሞሻል፤ ሄደሽ ትንሽ አረፍ በይ ነው የሚለው" አላት።

ሚስትየዋ ጨርቁን ከፊቷ አወረደች።

"ውዴ?" አለች። "እሱ? ይሄን ሁሉ ዘመን ስንኖር አንድ ቀን ውዴ ብሎኝ አያውቅም። ውዴ የሚለው ሊፍቱን ነው።" ወደ አንባቢው ዞረችና "ቁልፎቹን እኮ ሰማኋቸው፣ ወንድም ዓለም። ያለውን አንብብልኝ" አለች።

ሬዲዮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጥርስ ሠሪው አነበበ። በሬዲዮ አነጋገር አይደለም፤ መጀመሪያ ሰሞን እንደሚያነበው ጠፍጣፋ አድርጎ። አንብቦ ሲጨርስ የገዛ አፉን ሊጠርገው ፈለገ።

እሷ ወንበሯን ወደ አልጋው ሳብ አደረገች።

"እኔም ሰልችቶኛል" አለች ወደ ባሏ። "ሳልህ ሰልችቶኛል፣ መድኃኒቱ ሰልችቶኛል፣ ይሄ ቤት ሰልችቶኛል። ግን አልወጣም። ወጥቼ የት ልሂድ? አንተ ያለህበት ነው ቤቴ።"

ከብዙ ጊዜ በኋላ ሬዲዮ ፊቱን መለሰ። ጫጩቷን ሳብ አድርጎ ጻፈ፤ ይህ ለጓደኛው ነበር፦ "አታሳምርልኝ። እንዳለ አንብብ።" ከሥሩ ደግሞ ጨመረ። ጥርስ ሠሪው እንዳለ አነበበ፦ "አለቃ፣ ፈርቼ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች። እጁን ዳብሳ አገኘችው።

ከዚያች ቀን ወዲህ ሬዲዮ እየደከመ የሚጽፈው አጠረ። "ውሃ።" "መስኮት።" "ትራሱ።" ከዚያ ቁልፉን የመጫን አቅም አጣ። ያም ሆኖ ጥርስ ሠሪው በየቀኑ ይመጣል፤ ጫጩቷን አዲስ ድንጋይ አጉርሶ፣ ከፍቶ፣ ከእጁ ሥር ያስቀምጥለታል። ምናልባት አንድ ነገር ይል ይሆናል ብሎ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠ ይቀመጣል።

አንድ እሑድ ከሰዓት ሚስትየዋ ጫጩቷን ቀስ ብላ ዘጋቻት። "ወንድም ዓለም፣ ዛሬ አንባቢ አያስፈልገንም" አለችው። ክፋት አልነበረውም አነጋገሯ። ከባሏ ጎን ጋደም ብላ ግንባሯን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

ጥርስ ሠሪው ተነሥቶ ወደ ስፌት ክፍሏ ገባ። ለአንድ ሆቴል የተጀመሩ መጋረጃዎች ከጣሪያ እስከ ወለል ተንጠልጥለዋል። በመካከላቸው በትንሽ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ልክ ናት፣ አለ ለራሱ፤ ባልና ሚስት ናቸው። ግን ይሄን ሁሉ ጊዜ በዚህ ቤት ሲናገር የሌላ ሰው ቃል ነው የተናገረው። እሱ ራሱ ለጓደኛው አንዲት ቃል አላለውም። "አትሂድብኝ" አላለውም። "ካንተ በፊት ቅዳሜ ለእኔ እንደማንኛውም ቀን ነበር" አላለውም። አፉ ሁልጊዜ በሬዲዮ ቃል ተይዞ ነበር። ተነሥቶ ሊገባና ሊለው አሰበ፤ በሩ ድረስ ሄደ። ሁለቱ ተቃቅፈው፣ የአንዱ ትንፋሽ በአንገቱ ቀዳዳ ሲፏጭ፣ የሌላዋ ከሱ ጋር እኩል ሲወጣና ሲገባ ሰማ። ተመልሶ መጋረጃዎቹ መሀል ተቀመጠ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ፉጨቱ ቆመ። ሚስትየዋ ጥርስ ሠሪውን ጠራችው።

ከቀብሩ በኋላ ጥርስ ሠሪው መምጣቱን አላቋረጠም። እግሩ ለምዷል። ልጅቷ እስክትመለስ እናትየዋ ብቻዋን ናት፤ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን ያነብላታል፣ ክር በቀለሙ ይለይላታል፣ ደብዳቤ ከመጣ ይነግራታል። ስለ ሬዲዮ ያወራሉ። አንዳንዴ ስለ እሱ ሲያወሩ ይስቃሉ፤ ከሳቁ በኋላ ያለው ዝምታ ግን ከልቅሶ ይከፋል።

አንድ ቀን እንደ ልማዱ ሲመጣ ክፍሉ ጨላልሟል። እሷ ብርሃንና ጨለማ ብዙ ስለማይለያይባት መብራት ሳታበራ ትሰፋለች። ኮቱን እየሰቀለ፣ ሳያስበው፣ "አለቃ፣ መብራቱን ላብራው ወይስ ከአይጦቹ ጋር ተስማምታችኋል?" አለ። "አለቃ"ው ላይ ትንሽ ጎተት አድርጎ፣ መጨረሻው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

መቀሱ ከእጇ ወድቆ ወለሉን መታው።

"ማነው?" አለች። ተነሥታ ቆማለች። ፊቷ ለአፍታ እንደ ልጅ ፊት በርቶ ነበር፤ ከዚያ እሱ መሆኑ ሲገባት ያ ብርሃን ሲጠፋ ጥርስ ሠሪው በዓይኑ አየ። ለራሱም ያን ጊዜ ነው የገባው። በዚህ ቤት ውስጥ የራሱ የሆነ አነጋገር አልቀረውም ነበር።

ተቀመጠች። እሱም ተቀመጠ። መብራቱን ያበራ የለም።

"ወንድም ዓለም" አለች በመጨረሻ፤ "የሰው ክፉ አይደለህም። ከወንድም በላይ ሆነህልኛል። ግን በሩን ከፍተህ 'እንደምን ዋልሽ' ስትል በየቀኑ ልቤ ዘሎ ይነሣል። በየቀኑ ከሞት ይመለስልኝና በየቀኑ እንደገና ይሞትብኛል። አልቻልኩም።"

"ሌላ ዓይነት አድርጌ ልናገር" አለ ጥርስ ሠሪው። የለመነ መሰለ። "እንደ ድሮዬ እሞክራለሁ።"

"የድሮህን እኔ አላውቀውም እኮ" አለች። "ድምፅህን የማውቀው በሱ ነው።" እንባዋን በአውራ ጣቷ ጠረገች። "ለጊዜው አትምጣ። አትቀየመኝ። ድምፅህን ለጊዜው እንዳልሰማው።"

ጫጩቷን ከመጋረጃ በተሰፋ ከረጢት ውስጥ አድርጋ ሰጠችው። "ጓደኛችሁ ናት፤ እናንተ ጋ ትሁን" አለችው።

ቅዳሜ ለሙዚየም አስረከባት። ሙዚየም በመስታወት ውስጥ አላደረጋትም። የአሮጌ ኮምፒውተር ወዳጆች በዓመት አንዴ በሚያዘጋጁት ትርዒት ላይ ሰው እንዲነካት ጠረጴዛ ላይ ክፍት አድርጎ አኖራት። ወጣቶች መጥተው አነሷት፤ በቅለቷ ተገረሙ፤ ስማቸውን ጻፉባት፤ ቀጭ ቀጭ ስትል ደስ ብሏቸው ተሳሳቁ። "ለምንድነው ማጠፊያዋ ሮዝ የሆነው?" ብለው ሲጠይቁ ሙዚየም ወደ ጥርስ ሠሪው ያያል። እሱ ግን አይናገርም። በዚያ ሰሞን ከደንበኞቹ ጋር እንኳ በጣት መግባባት ጀምሮ ነበር፤ ንከስ፣ ክፈት፣ ያማል? እያለ በምልክት።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ደወለችለት። እናቷን ወስዳ ከሷ ጋር ልታኖራት ነው። "ጋሼ፣ ዕቃ የሚጫነው ነገ ጠዋት ነው፤ እንዲያው እንዲያውቁት ብዬ ነው" አለችው። አመስግኖ ዘጋ።

ጠዋት ሄደ። መኪናው በሩ ላይ ቆሟል፤ ቤቱ ተገለባብጧል። ሚስትየዋ ባዶ ክፍል መሀል ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ የሚወጣ የሚገባውን ኮቴ ታዳምጣለች። ልጅቷ አይታው "ጋ..." ልትል ስትል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ልጅቷ ነገሩን ከእናቷ ሰምታ ኖሯል፤ ዝም አለች።

የስፌት መኪናውን ተሸከመ። የመጋረጃውን ጥቅል ተሸከመ። አልጋውን፣ ያንን አልጋ፣ ብሎን በብሎን ፈታ። ከሾፌሩ ጋር ሆኖ ጫነ። ምንም አላለም፤ ሾፌሩ "እንዲህ ያዘው፣ ወንድም" ሲለው ራሱን ይነቀንቃል። ላቡ በአገጩ ይወርዳል።

"ለሰውየው ውሃ ስጪው" አለች እናትየው።

ልጅቷ በብርጭቆ አመጣችለት። ቆሞ ጠጣ። ብርጭቆውን መልሶ የመጨረሻውን ካርቶን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ሚስትየዋ እጇን ዘርግታ ክንዱን አገኘችው። ጂፕሰም የጠጣውን የሸሚዙን እጅጌ በጣቶቿ መሀል አድርጋ ትንሽ አሸችው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ስታሽ እንደኖረችው።

"ዝም ስላልክልኝ አመሰግናለሁ፣ ወንድም ዓለም" አለች።

አፉን ከፈተ። እሷም መክፈቱን ያየች ይመስል ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች፤ አትበል ማለቷ ነበር። አልተናገረም። ክንዷን ይዞ እስከ መኪናው አደረሳት፣ አስቀመጣት፣ የቀሚሷን ጫፍ በሩ እንዳይዘው ሰብሰብ አድርጎላት ዘጋ።

መኪናው ከመንገዱ ጫፍ ታጥፎ ሲሰወር የጎረቤት ሴት መጥረጊያ ይዛ ብቅ አለች።

"ሄዱ እንዴ?" አለችው።

ጥርስ ሠሪው ከንፈሩ ላይ የቀረውን ላብ በእጅጌው ጠረገ።

"ሄዱ" አለ።